ሎግ፦ ከመርከብ ገመድ እስከ ስልክ መግቢያ

«ሎግ» የምትል አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ሳናስተውላት የዕለት ተዕለት ንግግራችን ውስጥ ገብታለች። የባንክ አገልግሎት በስልኩ የሚጠቀም ሰው ሎግ ኢን ያደርጋል፤ ሲጨርስ ሎግ አውት ይላል። አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና የሚነዳ ወገናችን መንገድ ላይ ለፍተሻ ሲቆም ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ ሎጉ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ካልኩሌተሩ ላይ ሎግ የሚል ቁልፍ ይጫናል። ብሎግ የሚጽፉ አሉ፤ ዩቲዩብ ላይ ቭሎግ የሚሠሩም አሉ። የመርከብ መኮንን የዕለት ውሎውን ሎግ ላይ ያሰፍራል፤ የመርከቡን ፍጥነት የሚነግረው መሣሪያም ሎግ ይባላል። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው ግን ከሁሉ በፊት የሚያገኘው ፍቺ «ግንድ» የሚል ነው።

ግንድን ከስልክ መግቢያ ጋር ምን አዛመደው? መልሱ ያለው ባሕር ላይ ነው። ከሒሳቡ ሎግ በስተቀር ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። አንዱ ትርጉም ሌላውን እየወለደ እንዴት እዚህ እንደደረሰ በቅደም ተከተል እንመልከት። ዓመታቱ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግንድ ነበር

በእንግሊዝኛ ሎግ ማለት ተቆርጦ የወደቀ፣ ገና ያልተፈለጠ ወይም ያልተሰነጠቀ ወፍራም እንጨት ነው። ቃሉ ቢያንስ ከ14ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በዚህ ትርጉም ተጽፎ ይገኛል፤ ይህ ፍቺው ዛሬም አልሞተም። ደን መንጥሮ ግንድ ማውጣት «ሎጊንግ» ይባላል፤ ስለ አማዞን ወይም ስለ ኮንጎ ደኖች በሚሠሩ ዜናዎች ውስጥ የሚደጋገመው ይኸው ቃል ነው። ግንድ እየተነባበረ የሚሠራው ቤት «ሎግ ካቢን» ነው። ድብን ያለ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው እንግሊዞች በግንድ ይመስሉታል።

ከግንዱ የተወለዱ ሁለት ቃላት ዛሬ በቢሮና በፖለቲካ ቋንቋ ውስጥ ይሠራሉ። አንደኛው «ባክሎግ» ነው። ድሮ በምድጃ ማሞቂያ ቤቶች ውስጥ ትልቁ ግንድ ከኋላ ይቀመጥና ከፊቱ ያለው ማገዶ ሲያልቅ እሱ ቀስ እያለ ይነድ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ቃሉ «በመጠባበቂያ ያለ»፣ ቀጥሎም «ተከማችቶ ተራውን የሚጠብቅ ሥራ» የሚል ትርጉም የያዘው። ፍርድ ቤት ውስጥ የተቆለሉ መዝገቦች፣ ኤምባሲ ውስጥ ያልታዩ የቪዛ ማመልከቻዎች ባክሎግ ይባላሉ። ሁለተኛው «ሎግጃም» ነው፤ በወንዝ የሚላኩ ግንዶች ተጠላልፈው መንገዱን ሲዘጉ ማለት ነው። ዛሬ ድርድር መላወሻ ሲያጣም ይነገራል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው። ቃሉ አዲስ መንገድ የጀመረው ግንድ ሳይሆን ትንሽ ሳንቃ ከመርከብ ላይ ሲወረወር ነው።

ሳንቃ፣ ገመድና አሸዋ

የድሮ መርከበኛ ትልቁ ጭንቀት «አሁን የት ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ከሰሜንና ከደቡብ አንጻር ያለበትን ቦታ ከፀሐይና ከሰሜን ኮከብ ከፍታ ማወቅ ይችላል። በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ምን ያህል እንደተጓዘ ግን ሰማዩ በቀላሉ አይነግረውም፤ ለዚህ የሚሆን፣ ባሕር ላይ ሳይዛነፍ የሚሠራ ሰዓት የተገኘው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዘዴ ግምታዊ ስሌት ነበር፦ በየትኛው አቅጣጫ ሄድን፣ በምን ፍጥነት፣ ለስንት ሰዓት? አቅጣጫውን ኮምፓስ ይሰጣል፤ ጊዜውን የአሸዋ ሰዓት ይለካል። የጎደለው ፍጥነቱ ነበር።

መፍትሔው በ16ኛው መቶ ዘመን መጣ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ቦርን በ1574 ባሳተመው የመርከብ አመራር መጽሐፍ ውስጥ ዘዴውን ገልጾታል። ሩብ ክብ ቅርጽ ያላት፣ ስንዝር የምታህል ስስ ሳንቃ ተዘጋጅታ ክቡ ጠርዟ ላይ እርሳስ ይገጠምላታል፤ እርሳሱ ወደ ታች ስለሚስባት ውኃ ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ይህች ሳንቃ ናት «ሎግ» የተባለችው። በረጅም ገመድ ታስራ ከመርከቡ ኋላ ትወረወራለች። ሳንቃዋ ውኃውን ይዛ ባለችበት ስትቀር መርከቡ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ገመዱም ከመጠምጠሚያው እየተተረተረ ይወጣል። ገመዱ ላይ በእኩል ርቀት ቋጠሮዎች አሉ።

ሥራው ሦስት ሰው ይፈልጋል። አንዱ መጠምጠሚያውን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ሁለተኛው ሳንቃዋን ይወረውራል፤ ሦስተኛው ትንሿን የአሸዋ ሰዓት ይዞ ይጠብቃል። የመጀመሪያው የገመዱ ክፍል ቋጠሮ የለውም፤ ሳንቃዋ መርከቡ ከሚያናውጠው ውኃ እስክትርቅ ይለቀቃል። ከዚያ ምልክት የሆነች ቁራጭ ጨርቅ በእጅ ስታልፍ አሸዋው ይገለበጣል። አሸዋው ሲያልቅ ገመዱ ተይዞ ይቆምና ያለፉት ቋጠሮዎች ይቆጠራሉ። አምስት ቋጠሮ ካለፈ የመርከቡ ፍጥነት አምስት ቋጠሮ ነው። እንግሊዞች ቋጠሮን «ኖት» ይሉታል፤ ዛሬ የመርከብም የአውሮፕላንም ፍጥነት የሚለካበት ኖት የመጣው ከዚህ ገመድ ነው።

ቋጠሮው በሰዓት የተሄደውን ርቀት እንዴት ሊያሳይ ቻለ? ስሌቱ ግልጽ ነው። የአሸዋ ሰዓቱ 28 ሴኮንድ የሚፈስ ከሆነ ቋጠሮዎቹ በ14.4 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። አንድ ሰዓት 3,600 ሴኮንድ ነውና በውስጡ 28 ሴኮንድ 128 ጊዜ ተኩል ገደማ ይገኛል። 14.4 ሜትር በዚያ ሲባዛ 1,852 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም አንድ የባሕር ማይል ነው። ስለዚህ በ28 ሴኮንድ አንድ ቋጠሮ ያሳለፈ መርከብ በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ይሄዳል። አንድ ኖት በኪሎ ሜትር ሲመነዘር በሰዓት 1.852 ነው። «በሰዓት አሥር ኖት» ማለት ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ሰዓቱ በኖቱ ውስጥ አስቀድሞ አለ።

መጀመሪያ ላይ ግን ስሌቱ እንዲህ የጠራ አልነበረም። መርከበኞች የምድርን ስፋት አሳንሰው ስለገመቱ የባሕር ማይላቸው አጭር ነበር፤ ቋጠሮዎቹም ከሚገባው በላይ ተቀራርበው ይታሰሩ ነበር። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ሪቻርድ ኖርውድ በ1630ዎቹ ከለንደን እስከ ዮርክ ያለውን ርቀት ለክቶ፣ የሁለቱን ከተሞች የፀሐይ ከፍታ አነጻጽሮ የባሕር ማይልን ትክክለኛ ርዝመት ለመድረስ ተቃረበ፤ ውጤቱንም በ1637 አሳተመ። ብዙ መርከበኞች ግን የድሮውን ገመድ ቶሎ አልተዉም። የተቀራረበ ቋጠሮ መርከቡ ከእውነቱ የፈጠነ ያስመስላል፤ አዛዡም ገና ሳይደርስ «ወደ ምድር ቀርቤያለሁ» ብሎ ይጠነቀቃል። ምድር ከተጠበቀው ዘግይታ ብትታይ ጉዳት የለውም፤ ሳይጠበቅ ሌሊት ከድንጋይ ጋር መላተም ግን ሞት ነው።

ዘዴው አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ሳንቃዋ የምታሳየው መርከቡ በውኃው ላይ ያለውን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ውኃው ራሱ መርከቡንም ሳንቃዋንም ይዞ ሲንቀሳቀስ ገመዱ አያውቅም። እንዲህ ያለው ስህተት በየቀኑ እየተደመረ ይሄዳል። በጥቅምት 1707 በአድሚራል ክላውድስሊ ሾቨል የሚመራ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ቡድን ያለበትን ቦታ ስቶ ከሲሊ ደሴቶች ዓለቶች ጋር ተጋጨ፤ አራት መርከቦች ሰጠሙ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ከአዛዣቸው ጋር አለቁ። ከሰባት ዓመት በኋላ የእንግሊዝ ፓርላማ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ያለን ቦታ ባሕር ላይ በትክክል ማወቂያ ዘዴ ለሚያገኝ ሰው ትልቅ የገንዘብ ሽልማት በሕግ ወሰነ።

ዛሬ ሳንቃና ገመድ የሚወረውር የንግድ መርከብ የለም። ፍጥነት የሚለካው ከመርከቡ ሆድ ሥር በተገጠመ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ዓይነት ድምፅ ወደ ታች ልኮ የሚመለሰውን ድምፅ በመመርመር ይሠራል። ውስጡ አንዲት ስንጣሪ እንጨት የለም፤ ስሙ ግን አሁንም «ዶፕለር ሎግ» ነው። በቢሾፍቱ ባቦጋያ የባሕር ትምህርት ተከታትለው በዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን መኮንኖችና መሐንዲሶች በዚሁ ስም ያውቁታል።

ከሳንቃው ወደ ደብተሩ

ፍጥነቱ ከተለካ በኋላ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ የተቆጠረው ቋጠሮ፣ የተያዘው አቅጣጫና የነፋሱ ሁኔታ መጀመሪያ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። እኩለ ቀን ላይ መኮንኑ ሰሌዳውን ወደ ደብተር ይገለብጥና የመርከቡን ቦታ ያሰላል። የሎጓ ውጤት የሚሰፍርበት ይህ ደብተር በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ «ሎግ ቡክ» መባል ጀመረ። እያደር «ቡክ» የሚለው ወደቀና ደብተሩ ራሱ ሎግ ተባለ። ቃሉ ከእንጨት ተላቅቆ ወደ ጽሑፍ የተሻገረው እዚህ ላይ ነው።

ደብተሩ ከፍጥነት ያለፈ ነገር መያዝ ጀመረ፦ የአየር ጠባይ፣ የታየ ምድር፣ የተገናኘ መርከብ፣ የቀረ ውኃና ስንቅ፣ የታመመ፣ የሞተ፣ የተቀጣ። በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ጥፋት ያጠፋ መርከበኛ ስሙ ሎግ ላይ ሲሰፍር ከደመወዙ ይቆረጥ ስለነበር «ተሎገ» ማለት «ተቀጣ» ማለት እስከ መሆን ደርሷል። አደጋ ሲደርስ ደብተሩ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ስለዚህም ጥብቅ ደንብ አለው፦ የተጻፈ አይፋቅም፣ ገጽ አይቀደድም። ስህተት ካለ የተሳሳተው እንዲነበብ ሆኖ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፤ ያረመው ሰው ይፈርማል። የዕድራችን መዝገብ ያዥ የሚከተለው ልማድ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

መርከበኞች ለዚህ ሥራ ምን ያህል ዋጋ ይሰጡ እንደነበር ዊሊያም ብላይ ምስክር ነው። በሚያዝያ 1789 ባውንቲ በተባለችው መርከብ ላይ ዓመፅ ተነሥቶ አዛዡ ብላይ ከ18 ሰዎች ጋር ሰባት ሜትር ገደማ በምትረዝም ጀልባ ሰፊው የፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ተለቀቀ። ካርታ አልነበረውም፤ የአሸዋ ሰዓትም አልነበረውም። ሰዎቹ ግን ገመድ ለክተው ቋጠሮ አበጁለት፤ ሴኮንድን በቃል መቁጠር እስኪለምዱ ተለማመዱ። ብላይ በየቀኑ እየጻፈ፣ 3,600 የባሕር ማይል ተጉዞ በ47ኛው ቀን ቲሞር ደሴት ደረሰ። በጀልባዋ ውስጥ የጻፈበት ማስታወሻ ደብተር ዛሬ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

የተረሳው ደብተር ጥቅም

ጉዞው ካበቃ በኋላ አሮጌ ሎግ ማን ይፈልገዋል? አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ማቲው ሞሪ ፈልጎታል። በ1842 የባሕር ኃይሉ የካርታና የመሣሪያዎች ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሲሾም በየመጋዘኑ የተከማቹ የመርከብ ደብተሮችን አገኘ። ከነሱ የነፋስንና የውኃን እንቅስቃሴ በየወሩና በየባሕሩ አውጥቶ ከ1847 ጀምሮ በካርታ አሳተመ። ካርታውን የተከተሉ መርከቦች ረጅም ጉዟቸውን በሳምንታት አሳጠሩ። በ1853 ብራስልስ ላይ የባሕር አገሮች ተሰብስበው የአየር ጠባይን በአንድ ዓይነት ቅጽ ለመመዝገብ ተስማሙ።

ተመሳሳይ ቋንቋ መጠቀምም አስፈላጊ ነበር። አንዱ «ኃይለኛ ነፋስ» ያለውን ሌላው «መለስተኛ» ሊለው ይችላል። የእንግሊዙ መኮንን ፍራንሲስ ቦፈርት በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነፋስን ኃይል ከዜሮ እስከ 12 በቁጥር ከፋፍሎ በራሱ ደብተር ይጠቀም ነበር። በ1838 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ይህንኑ ለሎግ ቡኮቹ ሁሉ ግዴታ አደረገው፤ የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል።

በዘመናችን እነዚያው ደብተሮች ሌላ ሥራ አግኝተዋል። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ሳተላይት በሌለበት ዘመን ውቅያኖስ ላይ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ የእንግሊዝ፣ የሆላንድ፣ የፈረንሳይና የስፔን መርከቦችን ሎግ ወደ ኮምፒውተር አስገብተዋል። በ2010 የተጀመረው «ኦልድ ዌዘር» የተባለው ፕሮጀክት ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ቤታቸው ተቀምጠው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን ደብተር እያነበቡ እንዲገለብጡ አድርጓል። የጻፉት መኮንኖች አንዳቸውም ስለ ዓለም ሙቀት አላሰቡም፤ ጊዜውንና ያዩትን ብቻ በታማኝነት ጻፉ።

በሰማይና በአውራ ጎዳና

አውሮፕላን ሲፈለሰፍ ሙያው ብዙ ነገሩን የወሰደው ከባሕር ነው፤ ካፒቴን፣ ኖት፣ ሎግ ቡክ። እያንዳንዱ አብራሪ የበረረበትን ቀን፣ መነሻና መድረሻ፣ የአውሮፕላኑን ዓይነትና ሰዓቱን የሚያሰፍርበት የግሉ ሎግ አለው፤ ፈቃድና ዕድገት የሚያገኘው በዚያ ላይ በተደመረው ሰዓት ነው። አውሮፕላኑም የራሱ ቴክኒክ ሎግ አለው። አብራሪው ያየውን ብልሽት ይጽፋል፤ መካኒኩ የሠራውን ጽፎ ይፈርማል፤ ቀጣዩ አብራሪ አንብቦ ይረከባል።

አሜሪካ ውስጥ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ብዙ ሰዎች በጭነት መኪና ሥራ ይተዳደራሉ፤ ለነሱ ሎግ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው። የፌዴራል ደንቡ ዕቃ የሚያጓጉዝ ሹፌር አሥር ሰዓት ካረፈ በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት እንዲነዳ፣ ያም ሥራ ከጀመረበት አንሥቶ በ14 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ያዛል። ስምንት ሰዓት ከነዳ ግማሽ ሰዓት መቆም አለበት። በሰባት ቀን 60፣ ወይም በስምንት ቀን 70 የሥራ ሰዓት ከሞላ ደግሞ መንዳት አይችልም። ይህን የሚያሳየው ሎግ ለብዙ ዘመን በእስክሪብቶ የሚሞላ ወረቀት ነበር፤ አንዳንዱ ሹፌር ሁለት ደብተር ይይዝ ነበር ይባላል። ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ ግን አብዛኞቹ መኪናዎች ከሞተሩ ጋር የተገናኘ ኤሌክትሮኒክ ሎግ እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። መንኮራኩሩ ሲዞር መሣሪያው ራሱ ይጽፋል። «አይፋቅም» የሚለው የመርከብ ደንብ እዚህ በማሽን ተተካ ማለት ነው።

ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት ገባ?

የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች አዳራሽ የሚሞሉ ማሽኖች ነበሩ፤ ሠራተኞቻቸውም እንደ መርከበኛ የዕለቱን ሁኔታ በደብተር ይጽፉ ነበር። ከነዚያ ደብተሮች የታወቀው የሃርቫርድ ማርክ ሁለት ሎግ ነው። መስከረም 9 ቀን 1947 ማሽኑ ውስጥ ገብታ ሥራ ያስተጓጎለች የእሳት ራት ተገኘች፤ ሠራተኞቹም በፕላስተር ደብተሩ ላይ ለጥፈው ከጎኗ ማስታወሻ ጻፉ። ገጹ ከነራቷ ዋሽንግተን ውስጥ በስሚዝሶንያን ተቋም ይገኛል።

«ሎግ ኢን» የመጣው አንድ ኮምፒውተር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መጠቀም ሲጀምር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እንዲህ ያለ ሥርዓት ሠሩ። ማሽኑ ውድ ስለነበር ማን መቼ ገባ፣ ስንት ደቂቃ ተጠቀመ የሚለው መመዝገብ ነበረበት። ስለዚህ ተጠቃሚው ሲጀምር «ሎግ ኢን»፣ ሲጨርስ «ሎግ አውት» የሚል ትእዛዝ ይጽፋል። ቃል በቃል «መዝገቡ ላይ ስሜን አስገባ»፣ «መውጣቴን መዝግብ» እንደማለት ነው። የይለፍ ቃል ቀድሞ ከዋለባቸው የኮምፒውተር ሥርዓቶች አንዱም ይኸው ነው።

ይህ ትእዛዝ በኢንተርኔት ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ አለው። ጥቅምት 29 ቀን 1969 ማታ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ቻርሊ ክላይን በሰሜን ካሊፎርኒያ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ወዳለ ኮምፒውተር ለመግባት «ሎግ ኢን» የሚለውን በፊደል መጻፍ ጀመረ። «ኤል» ደረሰ፤ «ኦ» ደረሰ፤ ቀጥሎ የወዲያኛው ኮምፒውተር ቆመ። አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ሙከራው ተሳካ። የኢንተርኔት እናት በሆነው በአርፓኔት ላይ የተላለፈው የመጀመሪያው መልእክት ይህ ግማሽ ቃል ነበር።

ዛሬ ሎግ የሚጽፈው ሰው ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው። ድረ ገጽ ሲከፈት፣ ክፍያ ሲፈጸም፣ የይለፍ ቃል ሲሳሳት ከአንዱ ማሽን ኋላ አንድ መስመር ይጻፋል፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ከየት፣ ምን ተደረገ። ባለሙያ ብልሽት ሲፈልግ፣ መርማሪ ሌባ ሲከታተል መጀመሪያ የሚከፍተው ይህንን ነው። መዝጋቢው ራሱ ሲበላሽ የሚከተለው ጉዳትም ትልቅ ነው። በታኅሣሥ 2021 «ሎግ ፎር ጄ» በተባለ፣ በዓለም ዙሪያ በጣም ብዙ ፕሮግራሞች ለመመዝገቢያ በሚጠቀሙበት ሶፍትዌር ውስጥ ክፍተት መገኘቱ ይፋ ሆነ። አጥቂው ልዩ አጻጻፍ ያለው ጽሑፍ እንዲመዘገብ በማድረግ ብቻ ማሽኑን መቆጣጠር ይችል ነበር። የአደጋው ደረጃ ከአሥር አሥር ተሰጠው።

ብሎግና ጦማር

በታኅሣሥ 1997 አሜሪካዊው ጆርን ባርገር በኢንተርኔት ሲዘዋወር ያገኛቸውን ነገሮች በየቀኑ የሚመዘግብበትን ገጽ «ዌብሎግ» አለው፤ የድር መዝገብ ማለት ነው። በ1999 ፒተር መርሆልዝ ቃሉን በቀልድ ከሌላ ቦታ ቆርጦ «ዊ ብሎግ» አደረገው፤ «እኛ እንብሎጋለን» እንደማለት። ቀልዱ ተወደደና «ብሎግ» ራሱን የቻለ ቃል ሆኖ ቀረ፤ በዚያው ዓመት «ብሎገር» የተባለው አገልግሎት ተከፈተ። በ2004 የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል አድርጎ መረጠው። ቪዲዮ ሲጨመርበት ቭሎግ ሆነ።

አማርኛ ለዚህ ከግእዝ «ጦማር» የሚለውን ቃል አውጥቷል፤ ድሮ ደብዳቤና ጥቅል ጽሑፍ ማለት ነበር። ጦማሪና ጡመራ የሚሉት ቃላት በሰፊው የተሰሙት «ዞን 9» በተባለው የጦማሪያን ስብስብ ምክንያት ነው። ስሙ የተወሰደው ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስምንት ዞኖች አሉት ከሚለው ነው፤ ዘጠነኛው ከግቢው ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት። በሚያዝያ 2014 ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታስረው በሽብር ተከሰሱ። በ2015 የከፊሎቹን ክስ ዐቃቤ ሕግ ሲያነሣ፣ የቀሩትን ፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነጻ አድርጓቸዋል።

መልኩ የሚያሳስት

ሎግ የሚል ድምፅ ያለው ሁሉ ዘመድ አይደለም። ካልኩሌተር ላይ ያለው ሎግ «ሎጋሪዝም» ለሚለው ማሳጠሪያ ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒየር በ1614 ባሳተመው ሥራ ከሁለት የግሪክ ቃላት የፈጠረው ስም ነው። ሎጂክ፣ ካታሎግና ዲያሎግም «ሎጎስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ይመጣሉ፤ የድርጅት ዓርማ የሆነው ሎጎም እንዲሁ። ሎጂስቲክስ ደግሞ በፈረንሳይኛ በኩል የገባ የጦር ሠራዊት ቃል ነው። እነዚህን ከመርከቧ ሳንቃ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

ስለዚህ አዲስ «ሎግ» ሲያጋጥምዎ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ስለ ዛፍ ነው? ግንድ ነው። ስለ ቁጥርና ቀመር ነው? ሎጋሪዝም ነው። ከሁለቱ ውጭ ከሆነ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ መዝገብ ነው፤ ያውም በጊዜ ቅደም ተከተል፣ ነገሩ በተፈጸመበት ሰዓት የተጻፈ መዝገብ።

መዝገቡ ደግሞ ለእርስዎም ክፍት ነው። በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በጉግል አካውንትዎ ቅንብር ውስጥ በስምዎ የገቡ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዝርዝር ከነጊዜያቸው ይገኛል። ዛሬውኑ ከፍተው ይመልከቱት። የማያውቁት መሣሪያ ካለ ከዚያው ያስወጡት፣ የይለፍ ቃልዎንም ይቀይሩ፤ በሰው ስልክ ወይም በኢንተርኔት ካፌ ሲጠቀሙም ሎግ አውት ሳያደርጉ አይነሡ።